ያልተጫወቱበት አሻንጉሊት

በ1977 የገና ሰሞን አሜሪካ ውስጥ አንድ የአሻንጉሊት ኩባንያ ለሕፃናት ወረቀት ሸጠ። (እዚህ ላይ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አንባቢ ሰባት ስምንት ዓመት እየቀነሰ ይከተለኝ።) ዕቃው ጠፍጣፋ የካርቶን ፖስታ ነው። ሲከፈት አሻንጉሊት የሚደረደርበት ሥዕላማ ካርቶን፣ ጥቂት ተለጣፊ ሥዕሎች፣ የክበብ አባልነት ካርድና አንድ የምስክር ወረቀት ይወጣዋል። አሻንጉሊት የሚባል ነገር ግን የለውም። ምስክር ወረቀቱ ተሞልቶ በፖስታ ቤት ከተላከ በሚቀጥለው ዓመት አራት አሻንጉሊቶች ይመጣሉ ተባለ፦ ሉክ፣ ልዕልት ሊያ፣ ጸጉራሙ ቹባካ እና አርቱ ዲቱ የተባለው በርሜል መሳይ ማሽን። እንግዲህ አስቡት፣ በገና ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስጦታውን የፈታ የስድስት ዓመት ልጅ ያገኘው «ይመጣልሃል» የሚል ወረቀት ነው።

ኩባንያው ኬነር ይባላል፤ የሲንሲናቲ ከተማ ኩባንያ ነበር። መቼም ሙሉ በሙሉ አይፈረድበትም። «ስታር ዋርስ» የተሰኘው ፊልም በሜይ 25 ቀን 1977 ለእይታ ሲበቃ ያን ያህል ሕዝብ ያግተለትላል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። አሻንጉሊት ደግሞ እንደ ዳቦ በአንድ ሌሊት አይጋገርም፤ መቀረጽ አለበት፣ የብረት ቅርጽ ማውጫው መሠራት አለበት፣ ከእስያ ፋብሪካ በመርከብ መምጣት አለበት። ገና ደረሰ፣ አሻንጉሊቱ አልደረሰም። ስለዚህ ተስፋ ታሽጎ ተሸጠ። ቃላቸውን ግን አላጠፉም፤ በ1978 አሻንጉሊቶቹ በየልጁ ቤት ገብተዋል።

ነገሩ የሚገርመው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ ያ ፖስታ ምስክር ወረቀቱ ሳይላክ፣ ሁሉ ነገሩ እንዳለ ከተገኘ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ዕቃው ሙሉ የሚባለው ወረቀቱ በውስጡ ካለ ነው። ወረቀቱ በውስጡ ካለ ደግሞ ያ ልጅ ወረቀቱን አልላከም ማለት ነው፤ አሻንጉሊቶቹ አልመጡለትም ማለት ነው። አንድ ልጅ ሳይጫወት በመቅረቱ ነው ዕቃው «እንከን የለሽ» የተባለው።

የድሮ የጀግና አሻንጉሊቶችን ከነማሸጊያቸው የሚሰበስቡ ሰዎች ዓለም በዚህ ሕግ የሚተዳደር ነው። በዚያ ዓለም ትልቁ ቃል «ያልተከፈተ» የሚለው ነው። ተከፍቶ የተጫወቱበትና ከነካርቶኑ የተቀመጠው አንድ ዓይነት አሻንጉሊት ናቸው፤ ከአንድ የቅርጽ ማውጫ የወጡ፣ በአንድ ቀን የተቀቡ ሊሆኑ ይችላሉ። የዋጋቸው ልዩነት ግን አንዳንዴ መቶ እጥፍ ይደርሳል። ልዩነቱን የሚሸከመው ፕላስቲኩ ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ። በ1959 ማቴል የተባለው ኩባንያ ባርቢን አወጣ፤ ከአሻንጉሊቷ ይልቅ ደግሞ ልብሷ ገበያ አገኘ። አንዴ ባርቢን የገዛ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ቀሚስና ጫማ ሲገዛላት ይኖራል። ስታን ዌስተን የሚባል የንግድ ፈቃድ ደላላ ይህን አይቶ «ለወንዶች ልጆችስ ለምን ወታደር አይሆንም? ዩኒፎርሙ፣ ጠመንጃው፣ ድንኳኑ ለየብቻ ይሸጣል» የሚል ሐሳብ ለሐስብሮ ኩባንያ ይዞ ሄደ። ለሐሳቡ መቶ ሺህ ዶላር ተከፈለው። የኩባንያው ባለሙያ ዶን ሌቪን ነገሩን ወደ ቅርጽ ለወጠውና በ1964 ጂ አይ ጆ ገበያ ላይ ዋለ። ቁመቱ ከአንድ የተማሪ ማስመሪያ በጥቂቱ የሚያንስ፣ 21 ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያሉት፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ወታደር ነው። ጠባሳው ለጌጥ አይደለም፤ የሰው ፊት በሕግ ማስጠበቅ ስለማይቻል ሌላ ኩባንያ ሲቀዳው እንዲያዝ ነው።

አንድ ችግር ቀረ። በእንግሊዝኛ «ዶል» የሴት ልጅ መጫወቻ ነው፤ የዚያ ዘመን አሜሪካዊ አባት ለወንድ ልጁ «ዶል» ገዝቶ ቤት አይገባም። ኩባንያው ቃሉን እንደ እርግማን ሸሸውና «አክሽን ፊገር» የሚል አዲስ ስም ፈጠረ፤ የተግባር ምስል እንደማለት ነው። በአማርኛ ይህ ጭንቀት አይኖርም ነበር። እኛ ዘንድ አሻንጉሊት አሻንጉሊት ነው፤ ቀሚስም ይልበስ መትረየስ ይታጠቅ ስሙ አይለወጥም። እነሱ ግን በአንዲት ቃል አዲስ የንግድ ዘርፍ ከፈቱ። የቋንቋ ኃይል ሲባል በየጉባኤው ከምንደሰኩረው ይልቅ ይህኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

በ1963 ሌቪንና ባልደረቦቹ በእጅ የሠሩት የመጀመሪያው ናሙና በ2003 በጨረታ ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ተሸጧል። ሐሳቡ መቶ ሺህ፣ ናሙናው ሁለት መቶ ሺህ።

ጂ አይ ጆ በቬትናም ጦርነት ምክንያት ተጎዳ። ወላጆች ወታደር ማየት ሲሰለቻቸው ኩባንያው በ1970 ዩኒፎርሙን አስወልቆ ጀብደኛ አሳሽ አደረገው። ከ1973 በኋላ ደግሞ ነዳጅ ተወደደ፣ ፕላስቲክ የነዳጅ ልጅ ነውና አብሮ ተወደደ፤ ትልልቅ አሻንጉሊት መሥራት ኪሳራ ሆነ። የኬነር ሰዎች በ1977 ሲመጡ ሰውየውን አሳነሱት። ዘጠኝ ተኩል ሴንቲ ሜትር! የአዋቂ ሰው የሌባ ጣት ያህል ነው። ምክንያታቸው ፕላስቲክ መቆጠብ ብቻ አልነበረም። የዚያ ፊልም ጀግኖች በመንኮራኩር የሚሄዱ ናቸው፤ ሰውየው ትልቅ ከሆነ መንኮራኩሩ ሳሎን ሊያክል ነው። ሰውየው ካነሰ ግን መንኮራኩርም፣ ጣቢያም፣ እንስሳም ይሸጥለታል። ከኬነር በፊት ሥራው የቀረበለት ሜጎ የሚባል፣ በዘመኑ የልዕለ ኃያላን አሻንጉሊት ንጉሥ የነበረ ኩባንያ «አንፈልግም» ብሎ ነበር። ሜጎ ብዙ ሳይቆይ ከሰረ።

አሁን ካርቶኑን ልብ ብለን እንየው፤ የጉዳዩ ሆድ ዕቃ እሱ ነውና። ከመጽሐፍ ገጽ ብዙም የማይሰፋ ወፈር ያለ ወረቀት ነው። ፊቱ ላይ የፊልሙ ስምና የገጸ ባሕሪው ፎቶግራፍ አለ። አሻንጉሊቱ በአንድ ጎን ቆሞ እንክብል መድኃኒት እንደሚታሸግበት ባለ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል፤ ክዳኑ በሙጫ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። አናቱ ላይ ሱቅ ውስጥ የሚንጠለጠልበት ቀዳዳ አለ። ጀርባው ላይ በወቅቱ የነበሩት አሻንጉሊቶች ሁሉ ሥዕል ተደርድሯል። መጀመሪያ 12 ነበሩ፤ ከዚያ 20፣ 21፣ 31 እያሉ ሄዱ። ሰብሳቢ ካርቶኑን ገልብጦ ሥዕሎቹን በመቁጠር የልደት ዘመኑን ያውቃል። ጀርባው 12 የሆነው የበኩር ልጅ ነው፤ የሚከበረውም እሱ ነው። የመስቀያውን ቀዳዳ እንኳ ያያሉ። ቀዳዳው ከነክዳኑ ያለ እንደሆነ፣ ማለትም ካርቶኑ ሱቅ ውስጥ አንድም ቀን ተንጠልጥሎ የማያውቅ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ልጅ ያልነካው ብቻ አይበቃም፤ ሚስማርም ያልነካው መሆን አለበት።

የአሻንጉሊቱ እግር ላይ በደቃቅ ፊደል የተሠራበት አገር ተጽፏል፤ ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋን፣ ማካው፣ ቻይና። የጽሑፉን አቀማመጥ በጉሊ መነጽር የሚያጠኑ፣ የትኛው ፋብሪካ የትኛውን ቀለም እንደተጠቀመ የሚለዩ ሰዎች አሉ። የዚያን ዘመን ሠራተኞች፣ ያቺን የጥፍር ያህል ዓይን በብሩሽ የነኩትን እጆች ግን ማንም ሲያነሳቸው አልሰማሁም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካርቶን የት ሄደ? ልጆች ቀደዱት። ሁለት ዶላር ገደማ የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ ሱቅ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ደረጃ ላይ ተቀደደ። ኩባንያው ራሱም ያስቀድድ ነበር፤ «አራት ማረጋገጫ ቆርጠህ ከላክህ አዲስ አሻንጉሊት በነፃ» እያለ ካርቶኑን በመቀስ ያስቆርጥ ነበር። ከ1978 እስከ 1985 ድረስ ወደ መቶ የሚጠጉ ዓይነቶች በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጡ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ተከፈቱ። ሳይከፈት የቀረው አርቆ በማሰብ አይደለም። መጋዘን ውስጥ የተረሳ፣ በቅናሽ ዋጋ እንኳ ገዢ ያጣ፣ ለልደት ተገዝቶ ቁም ሣጥን ላይ የተዘነጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለው ውድ ዋጋ በማን ተሠራ ብትሉኝ፣ በእነዚያ በቀደዱት ልጆች ነው እላለሁ። ሰብሳቢው የእነሱ ባለዕዳ ነው። ሁሉም ልጅ ጨዋ ሆኖ ዕቃውን እንዳለ ቢያስቀምጥ ኖሮ ዛሬ አንዱም ሁለት ዶላር አያወጣም ነበር።

ይህ ግምት አይደለም፤ ተሞክሯል። በ1985 ያቆመው ምርት በ1995 እንደገና ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ተከፈተ። የ1977ቱ ልጆች ሠላሳ ዓመት ሊደፍኑ ነው፤ ደመወዝ አላቸው። የድሮው ካርቶን ስንት እንደሚሸጥ ሰምተዋል። ስለዚህ አዲሱን ሁለት ሁለት አድርገው ገዙ፤ አንዱን ለመክፈት፣ አንዱን ለማስቀመጥ። በሜይ 3 ቀን 1999 አዲሱ ፊልም ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአሜሪካ አሻንጉሊት መደብሮች በእኩለ ሌሊት በራቸውን ከፈቱ። ሰልፍ ይዘው የገቡት አዋቂዎች ናቸው፤ በጋሪ እየሞሉ ወጡ። ያን ቀን የተገዛው ካርቶን ዛሬም እንደታሸገ በየምድር ቤቱ ተከምሯል። ሁሉም ስላስቀመጠው የሚፈልገው የለም፤ አብዛኛው ያኔ የተገዛበትን ዋጋ እንኳ አይመልስም። ኩባንያው አትርፏል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር። ድሮ ብዙ መጻሕፍት፣ በተለይ የፈረንሳይ መጻሕፍት፣ የገጾቻቸው እጥፋት ሳይቆረጥ ይሸጡ ነበር። አንባቢው ቢላዋ ይዞ እየሰነጠቀ ነው የሚያነበው። ገጹ ካልተሰነጠቀ መጽሐፉ አልተነበበም። በአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዝርዝር ውስጥ ታዲያ «ገጹ ያልተሰነጠቀ» ሲባል ነውር መስሏችሁ እንደሆነ ምስጋና ነው፤ ያልተነበበው ከተነበበው ይበልጣል። ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። የሳቁት ግን ቡፌያቸው ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ ውኃ ነክቶት የማያውቅ የብርጭቆ ስብስብ ያለባቸው ቤቶች ልጆች ናቸው።

ዋጋ ያለበት ቦታ አጭበርባሪ አይጠፋም። ከመጀመሪያዎቹ 12 አንዱ ጃዋ የሚባል፣ አጭር፣ ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ ፍጡር ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ካባው ላስቲክ ነበር፤ ኩባንያው «ርካሽ ይመስላል» ብሎ ወዲያው በጨርቅ ለወጠው። ርካሽ ይመስላል የተባለው የላስቲኩ ጃዋ ጥቂት ስለሆነ ዛሬ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ቤን ኬኖቢ የሚባለው ሽማግሌም የላስቲክ ካባ አለው፤ እሱ ግን ብዙ ነው። ምን ይደረጋል? የሽማግሌው ካባ በመቀስ ያጥርና ለጃዋ ይለበሳል። ክዳኑን ሳይቀዱ አላቆ አሻንጉሊት ቀይሮ መልሶ ማጣበቅ የሚችሉም አሉ። ስለዚህ ሰብሳቢው ሙጫ ሲያሸት፣ የክዳን ጠርዝ በብርሃን ሲያይ ይውላል።

በዚህ ፍርሃት ላይ ደግሞ ሌላ ንግድ በቀለ። በሁለት ሺዎቹ መባቻ አሜሪካ ውስጥ ለአሻንጉሊት ማርክ የሚሰጥ ድርጅት ተቋቋመ። ዕቃውን ትልክለታለህ፤ ካርቶኑን ለብቻ፣ ክዳኑን ለብቻ፣ አሻንጉሊቱን ለብቻ ያርማል፤ ከመቶ ይህን ያህል ብሎ በወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ሣጥን አሽጎ ይመልስልሃል። የታሸገው እንደገና ታሸገ። 80 ያገኘውና 85 ያገኘው በዓይን አይለዩም፤ በዋጋ ግን ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። ስንት ዘመን ፈተና ስንታረም የኖርን ሰዎች ይህ ነገር ይገባናል። ልዩነቱ እኛ መልሱን እናርም ነበር፤ እነሱ የሚያርሙት የወረቀቱን ንጽሕና ነው።

ከሁሉም ሆዴን የበላኝ ግን የቦባ ፌት ታሪክ ነው። በ1979 ኬነር ቦባ ፌት የሚባለውን ጭምብላም አዳኝ ከፊልሙ በፊት አስተዋወቀ። ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ ሮኬት ስትነካ ትወነጨፋለች ተብሎ ማስታወቂያ ወጣ፤ ልጆችም ማረጋገጫቸውን ቆርጠው ላኩ። ከዚያ በፊት በ1978 ማብቂያ ግን የሌላ ኩባንያ የሕዋ መንኮራኩር አሻንጉሊት የምትተኩሳት ትንሽ ጥይት የአንድ የአራት ዓመት ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ገብታ ልጁ ሞቶ ነበር። ኬነር ደነገጠ። ሮኬቷን በሙጫ አጣበቃት፤ የማስታወቂያውን ሥዕል በተለጣፊ ወረቀት ሸፈነ፤ ከአሻንጉሊቱ ጋር ምክንያቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ላከ። ሮኬቷን በእርግጥ የሚያስወነጭፈው ቦባ ፌት ለአንድም ልጅ አልተሸጠም። ለሙከራ የተሠሩት ናሙናዎች ግን ሁሉም አልተጣሉም፤ ከኩባንያው ሰዎች እጅ እየወጡ ሰብሳቢ ዘንድ ደረሱ። በ2024 አንዱ በጨረታ 525 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ለልጅ አይሆንም ተብሎ የተከለከለ ዕቃ ነው፤ ለአዋቂ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ያለ የጨዋታ ሙዚየም በየዓመቱ የተመረጡ መጫወቻዎችን በክብር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ጂ አይ ጆ በ2004 ገባ። የስታር ዋርስ አሻንጉሊቶች የገቡት በ2012 ነው። ከሁለቱ መሐል፣ በ2005፣ የተመዘገበው ባዶ የካርቶን ሣጥን ነው። ቤትም መኪናም መርከብም ስለሚሆን ነው። እዚያ ካርቶኑ የተከበረው ልጆች ስለገቡበት ነው።

ወደ ሰብሳቢው ቤት ስንመለስ ካርቶኑ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ያጠፋዋል፤ እርጥበት ያጣምመዋል፤ ሙጫው ሲያረጅ ክዳኑ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ብዙዎቹ ክዳኖች ደግሞ ምንም ቢደረግ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ እየሆኑ ነው፤ ማርክ ሰጪውም ለዚህ ነጥብ ይቀንሳል። ውስጥ ያለው አሻንጉሊትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ለስላሳው ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ኬሚካል በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ይወጣል፤ እጅና እግሩ የሚያጣብቅ ላብ ያልበዋል። የተከፈተና የተጫወቱበት ከሆነ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ መደርደሪያ ላይ ይመለሳል። የታሸገውን ማጠብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መክፈት አለበት።